የእትዬ አስካለ ፍቅፋቂ

የእትዬ አስካለን መሞት የነገረኝ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ውስጥ ያገኘሁት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። የመሐል ሜዳው አውቶቡስ እስኪሞላ አብረን ቆመን ስላስተማርኩባት ከተማ ስለ ሞላሌ ጠየቅሁት። እሱም ገበያው እንደሰፋ፣ ትምህርት ቤቱ አዲስ አጥር እንዳገኘ፣ ማን እንዳገባና ማን እንደፈታ በተራ ነገረኝ። ሊሳፈር ሻንጣውን ካነሣ በኋላ ነው ትዝ ያለው። "እትዬ አስካለም አረፉ እኮ፤ እኚያ ፍቅፋቂ የሚሰበስቡት" አለኝ። የተቀበሩት በዐቢይ ጾም ስለነበር ለቀስተኛው ሽሮ ብቻ ቀምሶ መመለሱንም ጨመረልኝ። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንዳሳዘነው ከፊቱ ለመለየት አልቻልኩም።

አውቶቡሱ ሄዶ እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ከእሳቸው ጋር በአንድ ግቢ የኖርኩት ጥቂት ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው አውቄያለሁ፤ አብዛኛውንም ረስቻለሁ። እትዬ አስካለን ግን እንዲህ በቀላሉ የምረሳቸው ሴት አልነበሩም።

ለአስተማሪነት ተመድቤ ሞላሌ የገባሁት ደርግ ከወደቀ ዐሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ከእሳቸው ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጆቻቸው አዲስ አበባ ገብተው ለጥምቀት ካልሆነ አይመጡም። ቁመታቸው አጭር ነው፣ አነጋገራቸው ደግሞ ከቁመታቸው ያጠረ። ዕቃዬን ባስገባሁበት ቀን የአልጋዬ አንድ እግር እንደሚንገዳገድ ከደጅ ሆነው ሰሙ መሰለኝ፣ ሳያንኳኩ ገብተው ከቀሚሳቸው ኪስ አንድ የጣውላ ቁራጭ አወጡና ከእግሩ ሥር ሸጎጡለት። ከዚያ አልጋውን በእጃቸው ነቅነቅ አድርገው አይተው ወጡ። ሰላምታ የሰጡኝ በማግስቱ ነው።

ግቢያችን በድንጋይ ካብ የሚዋሰነው ከአናጢው ከጋሽ ሞገስ ሥራ ቤት ጋር ነበር። ጋሽ ሞገስ በር፣ አልጋ፣ የተማሪ ወንበርና የሬሳ ሳጥን ይሠራሉ። ሲመሻሽ ከመላጊያው የወደቀውን ፍቅፋቂ፣ ከመጋዙ የረገፈውን ሰጋቱራና ከመጥረቢያው የተፈናጠረውን ስንጥር ሁሉ ጠርገው በከረጢት ያደርጉና ካቡ ላይ ያስቀምጡታል። እትዬ አስካለ ከወዲህ በኩል ያወርዱታል። በመካከላቸው ሌላ ውል አልነበረም።

ይህ ለሌላ አገር ሰው ምንም ላይመስለው ይችላል። ሞላሌ ግን እንጨት ብርቅ ነው። ሰው የሚያነደው ኩበት ነው፤ ከአናጢ ቤት የሚወጣ ደረቅ ፍቅፋቂ ደግሞ እርጥብ ኩበት ለማቀጣጠል የሚሻሙበት ነገር ነው። እትዬ አስካለ ይህን ሁሉ መሬት ላይ ነበር የሚበትኑት። የሰፈሩ ሴቶች ማገዶ ለአፈር ታበላለች እያሉ ያሟቸዋል። ያልተማከሩበት ነገር ስለሆነ ቅር ይላቸዋል እንጂ፣ ፍቅፋቂው ለእነሱ ይድረስ አይድረስ ያን ያህል አያሳስባቸውም ነበር። እሳቸው ሐሜቱን ያውቁታል። አንድ ጊዜ ጠይቄያቸው፣ ኩበቱን ከማሳ ለቅመን ምድጃ ውስጥ ከተን መሬቱን ባዶ አስቀረነው፣ እንግዲህ ደግሞ የወሰድንበትን በፍቅፋቂ ልመልስለት ብለውኝ ነበር። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ሲወርድ ግቢውን እየዞሩ "መሬትም ይበርደዋል" ይላሉ።

ሁሉም ፍቅፋቂ አንድ አይደለም። ከመላጊያው የሚወጣው ጥቅልል ዶሮዎቹ ለሚተኙበት ነው። ሰጋቱራው ከፊሉ ሽንት ቤት ይገባል፣ ከፊሉ ድንች በሚቀመጥበት ሣጥን ውስጥ ይነሰነሳል። ሻካራው ስንጥር ከበራቸው እስከ ውጭው በር ባለው ጭቃ ላይ ይነጠፋል፤ በሐምሌ ከሰፈሩ ሁሉ ጫማ ሳይውጥ የሚያስገባ ግቢ የእኛ ብቻ ነበር። ቁራጩ ለአልጋ እግር፣ ለበር ማጠፊያ፣ ለሞሰብ ክዳን መያዣ ይውላል። እኔ በበኩሌ ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ስጽፍ ከካልሲዬ ውስጥ ጥቅልል ይወድቅ ስለነበር ተማሪዎቹ ቲቸር ሰጋቱራ የሚል ስም አወጡልኝ። ስሙ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና ሁልጊዜ ያሰቡት ይሳካላቸው ነበር ማለት አይደለም። አንድ ዓመት የባሕር ዛፉን ፍቅፋቂ ሽንኩርታቸው ላይ አልብሰውት ሽንኩርቱ ቀጭጮ ቢጫ ሆኖ ቀረ። ጎረቤት ሁሉ በካቡ ላይ እየተንጠራራ አየ። እሳቸው በሚቀጥለው ሳምንት ከረጢቱን ሲያወርዱ እፍኝ ፍቅፋቂ በመዳፋቸው አሽተው ያሸቱ ጀመር፤ ባሕር ዛፍ የሸተታቸውን ለመንገዱ፣ ሌላውን ለመደቡ ይለያሉ። ተሳሳትኩ ሲሉ ግን አልሰማኋቸውም። ግትር ሴት ነበሩ። ሲፈጥራቸው ነው።

ጋሽ ሞገስ ግን አንድ ፍቅፋቂ ለብቻ ያስቀምጣሉ። የሬሳ ሳጥን ሲሠሩ የሚወጣው ከሌላው ጋር አይቀላቀልም። ለስላሳው ሳጥኑ ውስጥ ከሬሳው ሥር ይነጠፋል፤ የተረፈው በከረጢት ሆኖ ከቀባሪዎቹ ጋር ይሄድና መቃብሩ አጠገብ ይደፋል። አይነድም፣ ቤት አይገባም፣ በእግር አይረገጥም። ለምን እንደሆነ ብጠይቅ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ጋሽ ሞገስን ጠይቄያቸው አባቴም እንዲሁ ያደርግ ነበር አሉኝ፤ ከዚያ በላይ መመራመር ደግሞ ነውር መሰለኝ።

በሐምሌ መጨረሻ ጎረቤታችን ጋሽ ተሰማ በድንገት ሞቱ። በግ ነጋዴ ነበሩ። ከሞላሌ ደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ብርሃን ሞላሌ ሲመላለሱ ኖረው፣ ከአንዱ መንገድ ተመልሰው እግራቸውን ለመታጠብ እንደተቀመጡ ነው ያለፉት። ዝናቡ አላባራ አለ፤ ሳጥኑ በአንድ ጠዋት ጥድፊያ ተሠራ። ሚስታቸው እትዬ በለጡ ሳጥኑ የሚለብስበትን ሐምራዊ ጨርቅ ራሳቸው ከገበያ መርጠው ገዙ። በዚያ ሁሉ ግርግር ጋሽ ሞገስ የሳጥኑን ፍቅፋቂ የያዘውን ከረጢት ለቀባሪዎቹ መስጠት ረሱና፣ እጃቸው እንደለመደው ካቡ ላይ አስቀመጡት። እትዬ አስካለም እጃቸው እንደለመደው አወረዱት። ከቀብሩ ማግስት ድንች መደባቸው ላይ፣ በተክሉ መካከል መካከል አለበሱት።

ማንም ሳያውቅ ሳምንታት አለፉ። ከዚያ እትዬ በለጡ ለባላቸው ተዝካር ጠላ የሚጠምቁበት ጋን ሊዋሱ መጡ። ሁለቱ ሴቶች ከልጅነት ጀምሮ ጎረቤት ናቸው፤ አንቺ ነው የሚባባሉት። ክፍሌ በር ላይ ተቀምጬ ደብተር እያረምኩ ነበር። እትዬ በለጡ ጋኑ እስኪወጣላቸው ግቢውን ሲቃኙ ድንቹ ሥር ካለው ፍቅፋቂ መካከል አንዲት ብጣሽ ሐምራዊ ጨርቅ አዩ። የሳጥኑ ትንንሽ ቢጫ ምስማር አሁንም እንደተሰካባት ነበር። ጎንበስ ብለው አነሷትና ይዘዋት ቆሙ።

"ይሄ ምንድነው አስካለ?"

"ፍቅፋቂ ነው።"

"የማን?"

እትዬ አስካለ ጋኑን መሬት ላይ አስቀመጡት። "የተሰማ" አሉ።

እትዬ በለጡ ጋኑን ሳይወስዱ ወጡ። እስኪመሽ ነገሩን ያልሰማ ሰው ሞላሌ ውስጥ አልቀረም፤ ገበያተኛው ደግሞ ወደ ገጠሩ ይዞት ሄደ። አንዱ መቃብር ቆፍራ ነው ይላል፣ ሌላው ለመድኃኒት ብላ ነው ይላል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ያን ዓመት የጠባው በእትዬ አስካለ ድንች ነው።

ለሌላ ሰው ይህ ወሬ ሆኖ ያልፍ ይሆናል። እትዬ አስካለ ግን ከጎረቤት በቀር ምንም አልነበራቸውም። ልጅ ሩቅ ነው፣ ዘመድ ሩቅ ነው። በሴቶቹ ዕድር ሰው በሞተ ቁጥር ዳቦ ጋግረው፣ ሞሰባቸውን ተሸክመው ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው፤ የገብስ ዳቧቸውንም ሰው ለይቶ ያውቀዋል። ለቀስተኛው ከእጃቸው ካልበላ ከሰፈሩ ወጡ ማለት ነው። ሳይባረሩ፣ ሳይሰደቡ፣ እዚያው እንደተቀመጡ።

እንደተፈራውም ሆነ። በጳጉሜ ተዝካሩ ሲወጣ ሞሰባቸውን ከሌሎቹ ጋር ደርድረው አስቀመጡ። ሴቶቹ ከግራውም ከቀኙም እያነሱ ሲያቀርቡ የእሳቸውን ዘለሉት። ሰደባቸው የሚባል ሰው የለም፤ ደኅና ነሽ አስካለ ይሏቸዋል፣ ያልፋሉ። እሳቸው እስከ መጨረሻው ቆመው ለሰው እጅ ማስታጠቢያ ውሃ ሲያፈሱ ዋሉ። ከዚያ ሞሰቡን እንደተከደነ ተሸክመው ተመለሱ። ከዳቦው ቆርሰው ሰጡኝ፤ በላሁ። የእኔ መብላት ግን የሚቆጠር አልነበረም። ተከራይ ነኝ።

የንስሐ አባታቸው ተጠየቁ። ፍቅፋቂ ፍቅፋቂ ነው፣ ኃጢአት የለበትም ብለው ጠበል ረጩ። ሁሉም አሜን አለ። የበላ ግን የለም።

በመስከረም አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የዕድሩ ሴቶች ወደ ግቢያችን መጡ። የዕድሩ ዳኛ እትዬ ሽታዬ ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ነገሩ እንዲያልቅ ፈልገው ነው የመጡት። እትዬ በለጡም ጥቁር እንደለበሱ መጥተው ጥግ ላይ ተቀመጡ። ጋሽ ሞገስ በካቡ በኩል ቆመው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ከረጢቱን የረሳሁት እኔ ነኝ አሉ። እትዬ ሽታዬም ቀለል አድርገው አቀረቡት። እትዬ አስካለ ሳላውቅ ነው ካሉ ነገሩ እዚያው ይቀራል፤ ድንቹ ይነቀላል፣ ሞሰባቸውም ከሌላው ሞሰብ ጋር ይከፈታል። አንዲት ቃል ናት የተጠየቁት። እኔ በልቤ በይው፣ በይው፣ እያልኩ ነበር፤ አንቺ እያልኩ።

እትዬ አስካለ መጀመሪያ ወደ ጋሽ ሞገስ ዞሩ።

"ከረጢቱን የረሱት እርስዎ ነዎት። ጨርቁን ያየሁት ግን እኔ ነኝ። አይቼ ነው ያለበስኩት።"

እትዬ ሽታዬ አይተሽ ለምን ታዲያ ብለው ጠየቁ፤ የጠየቁት ለመውቀስ ሳይሆን መውጫ ለመስጠት ነበር።

"ዝናቡ አፈሬን እያጠበው ነበር" አሉ እትዬ አስካለ። ቀጥለውም፣ "ሳላውቅ ነው ብል ነገሩ ቆሻሻ ነው ማለቴ ነው። ተሰማ ቆሻሻ አይደለም። ጎረቤቴ ነበር" አሉ።

እትዬ ሽታዬ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እንግዲህ አንቺው ታውቂያለሽ ብለው ተነሡ። ሴቶቹ ተከትለዋቸው ወጡ። እትዬ በለጡ መጨረሻ ወጡ፤ ወደ መደቡ አላዩም፣ ወደ እትዬ አስካለም አላዩም።

የዚያ ዓመት ጥቅምት ለእኔ ረጅም ነበር። የግቢያችንን በር የሚያንኳኳ ጠፋ። እሳት የሚጭር፣ ወንፊት የሚዋስ፣ እግረ መንገዱን የሚያወጋ የለም። እትዬ አስካለ ሰው በሞተ ቁጥር ዳቦ መጋገራቸውን አልተዉም። ማንም እንደማይበላው እያወቁ ሞሰቡን ተሸክመው ይሄዳሉ፣ እንደተከደነም ይመለሳሉ። እኔና ዶሮዎቹ ስንበላው ወፈርን፤ እሳቸው ከሱ። አሳዘኑኝ፤ ከማሳዘናቸውም ይልቅ አናደዱኝ። አንድ ቀን አምርሬ፣ አንዲት ቃል ምን ይጎዳዎታል፣ ብለው አይገላገሉም ወይ አልኳቸው። ሰጋቱራ ከዶሮዎቹ ጎጆ እየጠረጉ ነበር። ቀና ሳይሉ፣ "ተወኝ መምህር፤ ብቻዬን መብላት ለምጃለሁ" አሉኝ። እትዬ አስካለ ሲዋሹ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ድንቹ በኅዳር ደረሰ። ያ ሁሉ ወሬ የተወራበት ድንች ከሌላው ዓመት አልበለጠም፣ አላነሰም። የዶሮ እንቁላል የሚያህል አለ፣ ከዚያ ተለቅ የሚል አለ፣ ትል የበላውም አለ። ፍቅፋቂው በስብሶ ጠቁሯል፤ ከአፈሩ መለየት አስቸጋሪ ነበር። እትዬ አስካለ በዶማ እያወጡ በአንድ ወገን ከመሩት። ቀኑ እሑድ ነበር፤ ፀሐይ ቢኖርም ብርዱ አልለቀቀም። ሦስት ድንጋይ ጎልተው ግቢው መካከል አንድ ድስት ድንች ጣዱ። እኔ ከደጃፌ ሆኜ ጫማዬን እቀባለሁ።

እትዬ በለጡ ሳያንኳኩ ገቡ። ሰላምታም አልሰጡ። መስከረም ላይ የተቀመጡባትን በርጩማ ራሳቸው አንሥተው ድስቱ አጠገብ አኖሯትና ተቀመጡ። ፊታቸው ጠቋቁሯል፤ ባል የሞተባት ሴት ፊት ነው። እትዬ አስካለ አልተነሡም፣ አልተደነቁም። እሳቱን ገፋ ገፋ አደረጉ።

"ከዚያኛው መደብ ነው?" አሉ እትዬ በለጡ።

"ከዚያኛው ነው።"

ድስቱ ይንተከተካል። እትዬ በለጡ ለረጅም ጊዜ ሲያዩት ቆዩ።

"ተሰማ በሕይወቱ አንድ ድንች ተክሎልኝ አያውቅም" አሉ።

እትዬ አስካለ አስበው፣ "አያውቅም" አሉ።

"በግ፣ በግ ሲል ኖሮ ሄደ። ጓሮውን አንድ ቀን ረግጦት አያውቅም።"

"አልረገጠውም።"

"አውጪልኝ እስቲ።"

እትዬ አስካለ በጭልፋ አንድ ድንች አውጥተው ሰጧቸው። ትኩስ ስለነበር ከአንድ እጅ ወደ ሌላው ሲያገላብጡት ቆዩ፤ ከዚያ ልጠው፣ ጨው ነክተው በሉት። እየበሉ ማልቀስ ጀመሩ። ድምፅ አላሰሙም፤ እንባቸው ይወርዳል፣ እሳቸው ያላምጣሉ። የምገባበት ጠፋኝ፤ ጫማውን በጨለማ እንደሚቀባ ሰው አቀርቅሬ እፈትገው ጀመር። እትዬ አስካለ አይዞሽ አላሉም፣ እግዚአብሔር ያጥናሽም አላሉም። ሁለተኛውን ድንች ልጠው ሰጡ። ያንንም በሉት።

ሲበቃቸው እትዬ በለጡ ፊታቸውን በነጠላቸው አበሱና በዚያው ነጠላ ጫፍ ከድስቱ የቀረውን ድንች እየለቀሙ መቋጠር ጀመሩ። እትዬ አስካለ ለማን እንደሆነ ጠየቋቸው።

"ለሽታዬ ነው" አሉ። ቋጠሮውን አጥብቀው አሰሩና ተነሡ። "ከባሌ ነው ብዬ እሰጣታለሁ። አልበላም የምትል ከሆነ ለእኔ ትንገረኝ።"

እትዬ አስካለ ጓዳ ገብተው ትንሽ ጨው በወረቀት ጠቅልለው አመጡና ቋጠሮው ላይ አስቀመጡላቸው።